ቤት የተጫነበት አይሱዙ፦ ነሐሴ ላይ ከደብረ ብርሃን እስከ ጓሳ

ለጉዞ ስለተከራየነው የማደሪያ መኪና መጀመሪያ ፍርዴን ልናገር፤ የቸኮለ ሰው እዚህ ላይ አንብቦ ሊተወው ይችላል። አልጋው ምቹ ነው፣ ማድ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ጣሪያው ዝናብ አያስገባም። ችግሩ አከራዮቹ የሚያከራዩት ቤት ይመስላቸዋል። እኔ የተረከብኩት ግን ጭነት በሚጫንበት ቦታ ላይ ቤት የተሠራበት አይሱዙ ኤን ፒ አር ነው። ቤት የሚሆነው ቆሞ ሲያድር ነው፤ ከደብረ ብርሃን አልፎ ባለው የጣርማበር ተራራ ላይ፣ በነሐሴ ጉም ውስጥ፣ ጭነት ነው። ስለዚህ ስለ አልጋው ብዙ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ፍሬኑ፣ ስለ ጎማውና ስለ ማሞቂያው ነው።

እኔ በደሴ መስመር ስመላለስ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። በፊያት ኤን ትሬ ጀምሬ በተሳቢ ጨረስኩ። መኪናውን የተከራየው የእህቴ ልጅ ነው፤ ካናዳ ነው የሚኖረው፤ እዚያ ሰው በበረዶ ወቅት ሳይቀር በእንዲህ ዓይነት መኪና ይዞራል። ሦስተኛዋ ተጓዥ ባለቤቴ ነበረች። የወጣነው በፍልሰታ ጾም ስለነበር ማድ ቤቱን በሽሮና በመኮሮኒ የፈተነችው እሷ ናት።

ርክክቡ የተደረገው አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ያስረከበን ወጣት ትሑት ልጅ ነው፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። በቅድሚያ ያሳየን ቀለም የሚለዋውጠውን የውስጥ መብራት ነው፤ ቀጥሎ ቴሌቪዥኑን፤ ቀጥሎ ማቀዝቀዣውን። የስኒዎቹን መሳቢያ ለባለቤቴ ሲያስረዳ እኔ መኪናው ሥር ገብቼ ነበር። የፊት ጎማዎቹ ጥርስ አልቋል። የመስታወት መጥረጊያውን ጎማ የበጋ ፀሐይ አድርቆታል፤ ይፋጫል እንጂ አይጠርግም። የፍሬኑ ፔዳል በመጀመሪያው እርግጫ ይወርዳል፣ ደግመው ሲረግጡት ነው የሚጠነክረው፤ ይህ በመስመሩ ውስጥ አየር መግባቱን ያሳያል።

«ጋሼ፣ ይህ ጎማ ገና አንድ ሁለት በጋ ይሠራል» አለኝ ወጣቱ። ለበጋ እኔም አልተከራከርኩትም። በዝናብ ጊዜ ግን ጎማ መንገዱን የሚይዘው በመካከላቸው ያለውን ውኃ በጥርሱ ቦይ ገፍቶ ሲያስወጣ ነው። ጥርስ የሌለው ጎማ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ያን ጊዜ መሪው እጅ ላይ ይቀላል፣ መኪናው ግን የፈለገበት ይሄዳል። እነዚህ ሳይስተካከሉ አልፈርምም አልኩ። ስልክ ተደወለ፣ አለቃው መጣ፣ ድምፅ ከፍ ብሎ ዝቅ አለ፣ እስከ ማምሻው ሁሉም ተስተካከለ። ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። ያልጠየቀ ተከራይ ግን በዚያው ጎማ ይወጣ ነበር።

የውኃው ጋን 200 ሊትር ይይዛል፤ የተሰቀለው ከኋላ ጎማዎቹ በስተኋላ ነው። ይህ ማለት 200 ኪሎ ግራም ጭነት የመኪናውን ጭራ ይጫናል፣ የፊቱን ያቀላል፤ የፊቱ ሲቀል ደግሞ መሪው በእርጥብ መንገድ ላይ እንደሚገባ አይታዘዝም። ቤቱን የሠራው ባለሙያ እንጨቱንና ቆርቆሮውን ያሳመረ ሰው ነው፤ ስለ ጭነት አከፋፈል ግን አንድም ረዳት ያማከረ አይመስለኝም። ግማሹን አፍስሼ ወጣሁ። ነሐሴ ላይ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ውኃ ይቸግረኛል የሚል ሰው ካለ አላውቅም።

ይቅር የማልላቸው ነገር ግን ሌላ ነው። መንጃ ፈቃዱ ለዚህ ዓይነት መኪና የማይፈቅድለት ተከራይ ከድርጅቱ ሾፌር ይሰጠዋል። ሾፌሩ የት ነው የሚያድረው ብዬ ጠየቅኩ። «ጋቢና ውስጥ» አሉኝ። ፍራሽና ማሞቂያ ያለው ቤት ከኋላው ተሸክሞ ቀኑን ሲነዳ ውሎ፣ ሌሊቱን ጉልበቱን አጥፎ ወንበር ላይ! ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በክረምት! እኔ በዚያ ዓይነት ሌሊት ውስጥ ስላለፍኩ ሲነጋ ሰው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ጣቱ መሪውን በቅጡ አይጨብጥም፣ ዓይኑ ይከብዳል፣ ሐሳቡ ሁሉ ትኩስ ሻይ ላይ ነው። የጣርማበርን ቁልቁለት የሚያወርደው ይኸው ሰው ነው። ሾፌር የሚቀበል ተከራይ ለራሱ ሕይወት ሲል የሾፌሩን አልጋ ከፍሎ ያስይዝ።

እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር ብዙ አያስጽፍም። ሸኖ ላይ ባለቤቴ የለጋ ቅቤ ሻጮቹን አይታ ፊቷን አዞረች። ከዚያ በኋላ ሜዳው ገላጣ ስለሆነ ነፋሱ ቤቱን ከጎን ይገፋዋል፤ አውቶቡስ በተቃራኒው ሲያልፍ ደግሞ ቤቱ አንዴ ይሳባል፣ አንዴ ይገፋል። የእህቴ ልጅ እየነዳ ነበርና መሪውን ጠበቅ አድርጎ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ መድኃኒቱ ይኸው ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ጥበቃ ባለው የሆቴል ግቢ ውስጥ ጥቂት ከፍለን አደርን። ከተማዋ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ነሐሴ ላይ ምሽቱ አጥንት ይገባል። እዚህ ማሞቂያውን አመሰገንኩት። ናፍታ የሚያቃጥል ነው፤ ለማቃጠያው አየር ከውጭ ይስባል፣ ጭሱን በቧንቧ ወደ ውጭ ያወጣል፣ ወደ ቤቱ የሚያስገባው የሞቀ ንጹሕ አየር ብቻ ነው። ድምፁም አይረብሽም። ባለቤቴ ጋቢዋን አውልቃ ተኛች።

ጠዋት ከመነሳታችን በፊት ከደብረ ሲና የመጡ ሾፌሮችን ስለ መንገዱ ጠየቅኩ፦ ጉሙን፣ ጭቃውን፣ የመንገዱን ሰላም። ይህንን የትኛውም ስልክ ላይ ያለ ካርታ አይተካውም።

ጣርማበር እንደ ልማዱ ተቀበለን። ጉሙ ከደብረ ሲና ገደል እየተነሳ ወደ ላይ ይወጣና አስፋልቱን ይውጠዋል፤ የራስን መኪና ኮፈን ማየት የሚቸግርበት ጊዜ አለ። እዚህ መሪውን እኔ ያዝኩ። አከራዮቹ ከጋቢናው በላይ ረድፍ ሙሉ ነጭ መብራት ሰቅለዋል፤ ለፎቶ ያምራል። አንድ ጊዜ አበራሁትና ፊቴ ላይ ነጭ ግድግዳ ቆመ። ጉም የውኃ ጠብታ ነው፤ ጠንካራ ብርሃን ከላይ ሲለቀቅበት መልሶ ወደ ሾፌሩ ዓይን ይረጨዋል። አጠፋሁት። አጭር መብራት፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ መስኮቱን ዝቅ ማድረግ፣ ሬዲዮውን መዝጋት። ከባድ መኪና በጉም ውስጥ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። የእህቴ ልጅ በቀኝ በኩል የአስፋልቱን ጠርዝ እያየ «ጋሼ፣ ጥቂት ወደ ግራ» እያለ ያግዘኛል፤ ካናዳ መኖሩ ጥሩ ረዳት ከመሆን አልከለከለውም።

ጉሙ ሲበረታ ብዙ ሾፌር በደረሰበት ቀጥ ብሎ ይቆማል። መንገዱ ላይ መቆም ከኋላ የሚመጣውን መጋበዝ ነው። ሙሉ በሙሉ ከአስፋልቱ የሚወጣበት ጠንካራ ቦታ እስኪገኝ በዝግታ መሄድ ይሻላል። በተረፈ በዚያ መንገድ ላይ የሚያጋጥመው መኪና ብቻ አይደለም፤ በጎች ከጉሙ ውስጥ ድንገት ይወጣሉ፣ ከኋላቸውም ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ እረኛ። በየመቆሚያችን ወርጄ የኋላ መብራቶቹን በጨርቅ ጠረግኩ። የዚህ መኪና የኋላ መብራት ዝቅ ብሎ ስለተሠራ የራሱ ጎማ የሚረጨው ጭቃ ይሸፍነዋል፤ በራ ማለት ታየ ማለት አይደለም።

ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ታጥፈን ወደ ጓሳ ገባን። ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ባለው ከፍታ የተዘረጋ የመንዝ ሰዎች የጋራ ሀብት ነው፤ ከጥንት ጀምሮ በራሳቸው ደንብ ሲጠብቁት ኖረዋል፣ ሣሩም የሚታጨደው ሲፈቀድ ብቻ ነው። ጭላዳ መንጋ መንጋውን ሆኖ ሣር ሲነጭ ይታያል፤ ዕድለኛ ሰው ቀይ ቀበሮ ያያል፤ እኛ ዕድለኞች አልነበርንም። ለመኪናው ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፦ ደስ ያለን ቦታ ላይ ከመንገድ ወጥቶ ሣሩ ላይ መቆም አይቻልም። ደንቡም አይፈቅድም፣ መሬቱም አይፈቅድም።

መሬቱ እንደማይፈቅድ ያስረዳን አንድ ትንሽ እረኛ ነው። ለማደሪያ ከተፈቀደልን ስፍራ ውስጥ ለጥ ያለ አረንጓዴ ቦታ መርጬ ላስጠጋ ስል ሮጦ መጣ። «አባባ፣ እዚያ አያቁሙት፤ ላዩ ነው ሣር፣ ሥሩ ውኃ ነው» አለኝ። ዱላውን ሰካበት፤ ያለ ምንም ጉልበት እስከ እጁ ድረስ ገባ። ድንጋያማውን ዳር አሳየንና እዚያ ቆምን። አፍንጫውን ወደ መንገዱ፣ በሩን ነፋስ ወደማያገኘው ጎን አዙሬ አቆምኩት፤ ሌሊት ዝናብ ቢበረታ ወደ ኋላ ሳልል ልወጣ። ከዚያም በኋላ ጎማዎቹ ላይ ታኮ አደረግኩ። የእህቴ ልጅ በዚህ ጊዜ የካናዳውን ነገረኝ፦ እዚያ ከባድ ብርድ ባለበት ሌሊት የእጅ ፍሬን ይዞ ማሳደር አይወደድም፤ የረጠበው ፍሬን በረዶ ሆኖ ይጣበቃል። መልካም። እዚህ ግን ነሐሴ ነውና የእጅ ፍሬኑንም፣ ማርሹንም፣ ታኮውንም። ውኃውም በቧንቧ ውስጥ በረዶ ሆኖ ቧንቧውን እንዳይሰነጥቀው የበረዶው ወቅት ሲገባ ሁሉንም ያፈሳሉ አለኝ፤ ይህ ደግሞ በጥቅምትና በታኅሣሥ መካከል በውርጭ ጊዜ ጓሳ ለሚያድር ሰው ይጠቅመው ይሆናል።

አሁን ወደ ማሞቂያው ልመለስ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ያመሰገንኩት ማሞቂያ ጓሳ ላይ አሳፈረኝ። አስነሳነው፤ ለጥቂት ጊዜ ሠራ፤ ከዚያ በቧንቧው ጥቁር ጭስ ይተፋ ጀመር፤ ቀጥሎም ጠፋ። ደግመን አስነሳነው፤ ያው ነው። ምክንያቱ ከባድ ምስጢር አይደለም። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። የማሞቂያው ፓምፕ ግን ይህን አያውቅም፤ ቆላ ላይ የሚሰጠውን ያህል ናፍታ መስጠቱን ይቀጥላል። አየሩ ስላነሰ ናፍታው ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም፤ ጥላሸት ሆኖ ማቃጠያውን ይደፍነዋል። የናፍታው መጠን ለከፍታው እንዲቀነስ ማስተካከያ ይደረግለታል፤ ራሱ ከፍታውን እየለካ የሚቀንስም ዓይነት አለ። ሰሜን ሸዋን እየጠራ መኪና የሚያከራይ ድርጅት ይህንን አለማሰቡ ይገርማል። እንደ ጓሳ ያለው ቦታ የሚገኘው ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ነው!

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ባለቤቴ ለቡና ከሰልና ምድጃ ይዛ ነበር፤ ቡናውን ከውጭ፣ ከተዘረጋው ሸራ ሥር አፍልታልናለች። ቤቱ ሲቀዘቅዝ ያንን የቀላ ፍም ወደ ውስጥ ማስገባት ለማንም የሚመጣ ሐሳብ ነው። የከሰል ጭስ ያበቃለት ሲመስል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይሸትም፣ አይታይም፤ በእንዲህ ያለ ጠባብና የታሸገ ቤት ውስጥ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። የምግብ ማብሰያውን ጋዝ ለማሞቂያ ብሎ አብርቶ መተኛትም ከዚህ አይለይም። መኪናው የጭስ ማስጠንቀቂያ አለው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድን የሚለይ መሣሪያ ግን የለውም። የእህቴ ልጅ የራሱን ከካናዳ ይዞ መጥቶ ነበር፤ በሻንጣው ውስጥ የማትከብድ ትንሽ ዕቃ ናት፤ ግድግዳው ላይ ሰቀላት። ምድጃው ሌሊቱን ውጭ አደረ።

እኛን ያሞቀን ባና ነው። ከመንዝ በግ ጸጉር የሚሠራው ያ ወፍራም ልብስ ለአገሩ ብርድ የተፈጠረ ነው። የመኪናው ብርድ ልብሶች ለአዲስ አበባ ሳሎን ይበቃሉ፤ እኛ አንድ አንድ ባና ገዝተን ደረብንባቸው። ከብዶ ሰውን ፍራሹ ላይ ይቸነክራል፣ ትንሽም ይኮሰኩሳል፤ ባለቤቴ ግን ማሞቂያውን ከዚያ በኋላ አላነሳችውም።

ሦስት ሰው ተንፍሶ፣ ሽሮ ተንተክትኮ ባደረበት ቤት ውስጥ ጠዋት መስኮቶቹ ውኃ ያፈሳሉ። የፍራሹ ሥር ረጥቦ አገኘሁት። አከራዮቹ አየር እንዳይገባ ሁሉንም ጠርቅመውታል፤ የጣሪያውን መተንፈሻ በጣት ያህል ከፍቶ ማደር ግን ለብርዱም ሆነ ለእርጥበቱ ይሻላል። እርጥብ ልብስና ጫማ ጋቢና ውስጥ ይቀመጥ፤ ማደሪያው ውስጥ አይግባ።

ማድ ቤቱ ጥሩ ነው፤ መደርደሪያዎቹ በጉዞ ላይ አይከፈቱም፣ ስኒ አልተሰበረም። ጓሳ ላይ ውኃ የሚፈላው በ89 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ መኮሮኒው ለመብሰል የወሰደው ጊዜ ግን ባለቤቴን አስቆጣት፤ ይህ የመኪናው ጥፋት እንዳልሆነ ለማስረዳት ሞክሬ ተውኩት። ማቀዝቀዣው ምን እንደሚሠራ አልገባኝም። ነሐሴ ላይ ጓሳ ውስጥ ማቀዝቀዣ! በጣሪያው ላይ ያለው የፀሐይ ሰሌዳ በደመናው የተነሳ የሚሰጠው ኃይል ጥቂት ስለሆነ ማቀዝቀዣውን አጥፍተን ባትሪውን ለመብራት አዋልነው። መጸዳጃው ትንሽ ነው፣ ይሠራል፣ አይሸትም።

በመመለሻችን የእህቴ ልጅ ዋሻውን ካላየሁ አለ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ጣርማበርን በስቶ የቆፈረው ይህ ዋሻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ውስጡ ጨለማ ነው፣ ክረምት ላይ ጣሪያው ያንጠባጥባል። ከዋሻው ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው መንገድ ነው መኪናው የሚፈተንበት። ደንቡ የታወቀ ነው፦ ቁልቁለቱን ሽቅብ ቢሆን በሚወጡበት ማርሽ መውረድ። ሁለተኛ አስገብቼ የሞተር ፍሬኑን ያዝኩ፤ ፔዳሉን የነካሁት በየመታጠፊያው፣ ለአጭር ጊዜ፣ ጠበቅ አድርጌ ነው። እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ መውረድ ፍሬኑን ያግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ሲጠሩት አይመጣም። የእህቴ ልጅ የለመደው ራሱ ማርሽ የሚቀይር መኪና ስለሆነ ይህንን በጥሞና አየ። ደብረ ሲና ስንደርስ ወርጄ እጄን ወደ ጎማው ቀለበት አስጠጋሁ፤ ሞቋል እንጂ አልጋለም፣ የተቃጠለ ሽታም የለም። አይሱዙው ሥራውን አሳምሮ ሠርቷል፤ አዲስ አበባ ላይ ካስወጣነው አየር ጋር ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚሆን ግን አልፈልግም ማሰብ። ከኋላ ባሉት ጥንድ ጎማዎች መካከል የእንቁላል ያህል ድንጋይ ተሰክቶ ነበር፤ በብረት ፈልቅቄ አወጣሁት። ሳይታይ ቢቀር ወይ ጎማውን ይበላል፣ ወይ ተስፈንጥሮ የኋለኛውን መኪና መስታወት ያገኛል።

በዚያ ቁልቁለት ዳር ለማደር የሚያስብ ካለ ይተወው። ዕይታው ያማልላል፤ አፈሩ ግን በክረምት ውኃ ሲጠግብ የሚንሸራተት ነው። በ1998 ዓ.ም. መባቻ ላይ ደብረ ሲና አጠገብ ይዛባ በሚባለው አካባቢ መሬቱ ተንሸራቶ ብዙ መኖሪያ አጥፍቷል። ከገደል ግርጌና ከወንዝ ዳር ርቆ፣ ከተማ ውስጥ፣ ሰው ባለበት ግቢ ማደር ነው።

ዋጋው ውድ ነው፤ ለአንድ ሌሊት የከፈልነው ደብረ ብርሃን ላይ ሦስት ደህና ክፍሎች ይይዛል። ቢሆንም ጓሳ ላይ ጎሕ ሲቀድ በሩን ከፍቶ ጭላዳዎቹን ከአልጋ ላይ ሆኖ ማየት ሆቴል የሚሸጠው ነገር አይደለም፤ የእህቴ ልጅ ገንዘቡ አልቆጨውም። ከባድ መኪና የነዳ ሰው በመካከላቸው ላለ ቤተሰብ እመክራለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ለሌለው ግን በበጋ ይሁን፤ በክረምት ከሆነም ከደብረ ብርሃን አይለፍ።

ስንመልሰው ለጭቃው እጥበት ብለው ከመያዣው ላይ ገንዘብ ሊቀንሱ ነበር። ነሐሴ ላይ መንዝ የላካችሁት መኪና በምን ተሸፍኖ እንዲመጣ ነበር የጠበቃችሁት አልኳቸው። ግማሹን ተዉት። ስለ ማሞቂያው የነገርኩትን ወጣቱ በደብተር ጽፎ ይዞታል፤ ስለ ሾፌሩ አልጋ የነገርኩትን ግን አለቃው ሰምቶ ዝም አለ። የሚከራይ ሰው ሁለቱንም ደግሞ ይጠይቅልኝ።